የወንድሜ ኦርጋን በገዳሪፍ ሲኒማ

ወንድሜ ኦርጋን መጫወት የተማረው በደርግ ጊዜ፣ በአውራጃችን የኪነት ቡድን ውስጥ ነው። ኦርጋኑ የመንግሥት ንብረት ስለነበር ልምምድ ሲያበቃ ይቆለፍበታል፤ እሱ ግን ቤት ከገባ በኋላም የመደቡን ጠርዝ በጣቶቹ ሲደበድብ ያመሻል። ኋላ ወደ ጦር ግንባር የሚሄዱ ሰዎች ዝርዝር ሲወጣ የሱም ስም አብሮ ተጻፈ። ዓይኑ ከልጅነቱ ጀምሮ ደካማ ነበር። ቆላ ወንዝ ዳር ያደገ ሰው የሚያውቀው በሽታ ነው፤ ቀስ እያለ ይጋርዳል። ይህን ቢናገርም የሚያምነው አላገኘም። ስለዚህ ለሰሊጥ አጨዳ ከሚወርዱ ሰዎች ጋር ተቀላቅለን፣ በመተማ በኩል ጋላባትን ተሻግረን፣ በሎሪ ገዳሪፍ ገባን። እኔ ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።

ገዳሪፍ እንደገባን እኔ ሰሊጥ የሚበጠርበት መጋዘን ሥራ አገኘሁ። ሴቶች ተደርድረን ተቀምጠን ገለባውንና ጠጠሩን እንለቅማለን። ወንድሜ ደግሞ ከአንድ ሱዳናዊ ሙዚቀኛ ጋር ተዋወቀ። ሰውየው ከሳዑዲ ሲመለስ አዲስ ኦርጋን ይዞ ስለመጣ አሮጌውን ለወንድሜ ተወለት። ሁለት ቁልፎቹ ጨርሶ ድምፅ አይሰጡም፤ ወንድሜ እነሱን እየዘለለ መጫወት ለመደ። የኛ ዜማና የሱዳኖች ዜማ የእህትማማች ልጆች ስለሆኑ ብዙም አልተቸገረም። የሐበሻም ይሁን የአገሬው ሰው ሠርግ ሲኖር ይጠሩታል። «ያ ኡስታዝ» ይሉታል፣ አስተማሪ ሆይ እንደማለት።

ገዳሪፍ ውስጥ ግን የዓይኑን ነገር ከእኔ በቀር ማንም አያውቅም። ብርሃንና ጥላ ይለያል፤ ሰው ሲያልፍ ያውቃል፤ መልክ ግን አይታየውም። መንገድ ላይ ክንዴን ይዞ ሲሄድ ያየ ሰው እህቱን የሚጠብቅ ወንድም ይመስለዋል። እሱም እንዲያ እንዲመስላቸው ይፈልግ ነበር።

ከኛ ግቢ ቀጥሎ አንድ ሱዳናዊ ሽማግሌ ይኖሩ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ «ኻል» ይላቸዋል፣ አጎቴ ማለት ነው። የሲኒማውን ማሽን የሚያንቀሳቅሱት እሳቸው ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጭ ጀላቢያቸው ላይ የማሽን ዘይት ነጠብጣብ የማይጠፋ ሰው ናቸው።

ሲኒማው ጣሪያ አልነበረውም። ዙሪያውን ግንብ፣ ፊት ለፊት በኖራ የተለቀለቀ ሰፊ ግድግዳ፣ መሐሉ ላይ የብረት አግዳሚዎች፣ ከኋላ ለቤተሰብ የተከለለ ከፍ ያለ ቦታ። ፀሐይ ስትጠልቅ ፊልሙ ይጀመራል። በብዛት የሚታየው የህንድ ፊልም ነው። ሕዝቡ ቋንቋውን ባያውቅም ዘፈኖቹን ያውቃል፤ አብሮ ያዜማል፤ ክፉው ሰውዬ ሲመጣ ጫማውን ያወልቅበታል።

አንድ ቀን በፊልሙ መሐል ድምፁ እልም ብሎ ጠፋ። ግድግዳው ላይ ሴትየዋ አፏን ከፍታ ትዘፍናለች፤ የሚሰማ ነገር ግን የለም። ሕዝቡ መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ አፏጨ፤ በመጨረሻ አግዳሚውን ይደበድብ ጀመር። ጩኸቱ እኛ ሰፈር ድረስ ተሰምቷል።

በማግስቱ ጠዋት ኻል ግቢያችን መጡ። ወንድሜ ገለባ በለበሰችው ዳሳችን፣ ራኩባችን ሥር ተቀምጦ ነበር።

«ያ ኡስታዝ፣ ማሽኑ ድዳ ሆነብኝ» አሉት። «ድምፅ የምታነበው ትንሿ አምፖል ተቃጥላለች። ገዳሪፍ ውስጥ እንደሷ ያለ የለም። ፖርት ሱዳን ልከናል፤ መቼ እንደምትመጣ አላህ ነው የሚያውቀው። ሐጁ ሲኒማውን እዘጋለሁ እያለ ነው።» ሐጁ የሚሏቸው የሲኒማውን ባለቤት ነው፤ የሰሊጥ ነጋዴ ናቸው።

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግልዎ?»

«ኦርጋንህን ይዘህ ና። ሥዕሉን እያየህ ተጫወት።»

 ኻል መልስ ሳይጠብቁ መርቀው ሄዱ።

«ምን ብዬ ልመልስላቸው?» አለኝ። «ግድግዳው ላይ ብርሃን ሲንቀሳቀስ ሊታየኝ ይችላል። ሰው ይሁን በሬ ግን አልለየውም።»

«እኔ አጠገብህ ሆኜ እነግርሃለሁ፣ ወንድም ጋሼ።»

«በዚያ ሁሉ ሰው ፊት? ምን ትሠራለች ቢሉስ?»

ትንሽ አሰብኩና ከመጋዘኑ ጸሐፊ ለምኜ ያመጣኋት አንዲት ባዶ ደብተር እንዳለች ትዝ አለኝ። «ኖታ የምገልጥልህ ነኝ» አልኩት። በሕይወቱ ኖታ አንብቦ አያውቅም። ግን ገዳሪፍ ውስጥ ማን ያውቃል?

እንዲህ ሆኖ ተጀመረ። ከግድግዳው ሥር በስተግራ ኦርጋኑን አቆምን፤ ሽቦውን ኻል ከማሽን ቤት ስበው አመጡልን። እኔ እንደ ሱዳን ሴቶች የምከናነበውን ቶቤን ጥብቅ አድርጌ ለብሼ በተገለበጠ የብስኩት ቆርቆሮ ላይ ተቀመጥኩ። ደብተሯን ኦርጋኑ ላይ ዘርግተን አጠገቧ ትንሽ ኩራዝ አደረግን።

የመጀመሪያው ምሽት ደረሰ። ሥዕሉ ሲጀምር በጆሮው «መንደር ነው፤ ጠዋት ነው፤ ልጆች ይሮጣሉ» አልኩት። ጣቶቹ ተንቀሳቀሱ። ቀለል ያለ፣ የጠዋት ዜማ ሆነ። ሲያፏጭ የነበረው ሰው ቀስ በቀስ ዝም አለ። «ፈረስ!» ስለው የጎንደር እስክስታ ምቱን አሯሯጠው፤ የፈረሱ ኮቴ ከዜማው ጋር ገጠመና ሕዝቡ አጨበጨበ። «ሠርግ!» ስለው የሱዳን ሠርግ አመጣ። ከኋላ ሴቶቹ እልል አሉ።

ችግሩ የመጣው ከዚያ ነው። እኔ ራሴ ፊልሙ ወሰደኝ። ሠርጉ አልቆ፣ እናትየው ታማ፣ ልጇ እጇን ይዞ ሲያለቅስ እኔም እንባዬ ይወርዳል። ወንድሜ ግን አሁንም ሠርግ ላይ ነው። ሰው ሲስቅ ሰማና በክርኑ ጎሸም አደረገኝ።

«ምን ሆነ?»

«ሞተች!»

«ማን?»

«እናቱ!»

«መቼ?»

«ቅድም!»

እጁን ከኦርጋኑ ላይ አነሳ።  ከዚያ በአንድ ጣት ብቻ ትዝታን ጀመረ፤ ቀስ አድርጎ፣ ድምፅ የማይሰጡትን ሁለት ቁልፎች በዝምታ እያለፋቸው። ሲስቅ የነበረው ሰው ጸጥ አለ። አንድ ሎሪ ነጂ የጥምጥሙን ጫፍ ወደ ዓይኑ ሲያስጠጋ አየሁት።

ወደ ቤት ስንመለስ ክንዴን ይዞ፣ «እህት ዓለም» አለኝ። «ምን እንደሆነ አትንገሪኝ። ምን ሊሆን እንደሆነ ንገሪኝ።»

ለዚህ ደግሞ ፊልሙን ቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ኻል ማሽኑን ሲያንቀሳቅሱ ሁሉንም ፊልም ብዙ ጊዜ ስላዩት፣ ከሰዓት በኋላ ራኩባችን ሥር እየመጡ ይተርኩልን ጀመር። እኔ ዓረብኛዬ ገና ስለነበር ግማሹን ይገባኛል፤ ግማሹን እገምታለሁ። ከወንድሜ ጋርም የራሳችን አጭር ቋንቋ አበጀን። «ሊመጣ ነው» ካልኩት ክፉው ሰውዬ ነው፤ በግራ እጁ ዝቅ ብሎ አንቺሆዬን ያስገመግማል። «ልታለቅስ ነው» ካልኩት ትዝታ ነው። «ሊለያዩ ነው» ካልኩት ደግሞ በባቲ ይጀምርና ሲለያዩ ይሰብረዋል። ዝናብ ሲሆን ጣቶቼን ትከሻው ላይ አንጠባጥባለሁ፤ ምንም መናገር አያስፈልገኝም።

ሲኒማው ሞላ። አንዱን ፊልም ሦስት ጊዜ ያየ ሰው ለአራተኛ ጊዜ ይመጣል፤ ወንድሜ አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ በአንድ ዓይነት ተጫውቶት አያውቅማ። ከቤተሰብ ቦታ አንዲት የማላውቃት ሴትዮ የተቆላ የሐብሐብ ፍሬ በሳህን ትልክልኝ ነበር፣ ታሳሊ ይሉታል። እኔም በፊልሙ መሐል አንድ አንድ እያልኩ እሱ አፍ ውስጥ አደርግለታለሁ፤ እጁ ሥራ ላይ ነውና።

አንድ ዓርብ ከሰዓት ኻል ቤታቸው ጠሩን። ከአንግሬባቸው፣ ከጠፍር አልጋቸው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። በእጅ የሚጠመዘዝ የሸክላ ማጫወቻ ነበር። አባታቸው የእንግሊዝ ሹም ቤት ምግብ አብሳይ ሆነው ሲሠሩ፣ ሹሙ አገሩ ሲገባ የተወላቸው ነው አሉ። ሸክላዎቹ ሁሉ ተሰባብረው አንዲት ብቻ ቀርታለች። ጠመዘዙትና መርፌውን አስቀመጡ።

መጀመሪያ የተሰማው እንደ ጥብስ ቸስ የሚል ድምፅ ነው። ከዚያ ውስጥ አንድ ነገር ወጣ። እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። ዋሽንት ይመስላል፤ ወዲያው መለከት ይሆናል፤ ደወል ይገባል፤ ከታች ደግሞ ነጎድጓድ የመሰለ ነገር ይጎተታል። ሁሉም እየተንቀጠቀጠ፣ ልክ ልቅሶውን እንደያዘ ሰው።

ወንድሜ ወደ ማጫወቻው ተጠጋ። «ስንት ሰዎች ናቸው?» አለ።

«አንድ ሰው ነው።»

«አይሆንም።»

«ወላሂ፣ አንድ ሰው ነው። ኦርጋን ነው የሚጫወተው፤ ያንተ ዓይነት አይደለም፤ ቤት የሚያህል ኦርጋን። በእጁም በእግሩም ይጫወተዋል።» ኻል ከአባታቸው የሰሙትን ነገሩን። ፊልም ድምፅ ባልነበረው ዘመን፣ በባሕር ማዶ ትልልቅ ከተሞች ሲኒማ ቤቱ ውስጥ እንዲህ ያለ ኦርጋን ይተከል ነበር። ቱቦዎቹ ግድግዳ ውስጥ ተደብቀዋል። ኦርጋን ተጫዋቹ ከነወንበሩ ከምድር ቤት ወደ ላይ ብቅ ይላል፤ ሕዝቡ ያጨበጭብለታል። ሥዕሉን እያየ ዝናቡንም፣ ባቡሩንም፣ ልቅሶውንም እሱ ይሰጠዋል። ከተዋናዮቹ ይልቅ እሱን ብሎ የሚመጣ ሰው ነበር። እንዲህ ያሉት ተጫዋቾች ዘፈን ሲጫወቱ በሸክላ ይቀዱና ሸክላው አገር ላገር ይዞራል። «ሲኒማ የሚባል ነገር ያላየ ሰው ሳይቀር በሸክላቸው ያውቃቸው ነበር» አሉ ኻል። «እኔም ይኸው ገዳሪፍ ተቀምጬ ይህን ሰው አውቀዋለሁ።»

«ፊልሙ መናገር ሲጀምርስ ምን ሆኑ?» ሲል ወንድሜ ጠየቀ።

ኻል ሸክላዋን በጀላቢያቸው ጫፍ ወለወሏት። «አንዳንዱ ሠርግ ቤት ሄደ ይሆናል፤ አንዳንዱ ቤተ ክርስቲያን፤ አንዳንዱም እጁን አጣጥፎ ቁጭ አለ ይሆናል። እኔ የማውቀው ሸክላው እንደቀረ ነው።»

ወንድሜ ሁለት ጊዜ አስደገማቸው። በሦስተኛው ላይ በእጁ ጉልበቱን፣ በእግሩ መሬቱን ይመታ ነበር። ከዚያ ሸክላዋን ልያዛት ብሎ እጁን ሲዘረጋ አጠገቧ ያለውን የሻይ ብርጭቆ ደፋው። ኻል ብርጭቆውን አንስተው ወንድሜን ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ዓይንህ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሉት ዝቅ ባለ ድምፅ።

ወንድሜ አንገቱን ደፋ። እኔ መልስ ልሰጥ አፌን ስከፍት ኻል እጃቸውን አነሱብኝ። «ተዪው፤ ኻላስ፣ ገባኝ። የደብተሯ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኝ ነበር። አንዳንድ ቀን ገልብጠሽ ነው የምትይዢያት።» ሳቁና አዲስ ሻይ ቀዱለት። ለማንም አልተናገሩም።

ያን ቀን ወደ ቤት ስንመለስ ወንድሜ፣ «እኛም እንቀዳ» አለ።

ሱቅ ውስጥ ካሴት የሚያባዛ ወጣት ነጋዴ ነበር። ቴፑን አምጥቶ በኦርጋኑ ጎን አስቀመጠና የሁለት ምሽት ጨዋታ ቀዳ። በሦስተኛው ቀን ካሴቱ ሱቁ በር ላይ ይጫወት ነበር፤ ሽፋኑ ላይ በእጅ ጽሑፍ በዓረብኛ «ሲኒማ» ብቻ ይላል። ወንድሜ ቆሞ ሰማ። ፊቱ በደስታ በራ። ወዲያው ደግሞ ጨለመ።

«ድምፅሽ ገብቷል» አለኝ።

እውነትም ገብቷል። ከዜማው ሥር እንደ ሹክሹክታ፣ «ሊመጣ ነው… ሊመጣ ነው… አሁን ልታለቅስ ነው» ይላል። ነጋዴውን እንደገና እንቅዳው ብንለው ሳቀብን። ብዙ ተባዝቷል፤ አውቶቡሶቹ ይዘውት ሄደዋል።

የት ድረስ እንደሄደ ያወቅኩት የስደተኞች ቢሮ ባለባት ሾዋክ ከተማ ነው። የስደተኛ ወረቀቴን ለማሳደስ ሄጄ ስመለስ፣ አውቶቡሱ መናኸሪያው ላይ ሰው እስኪሞላ ቆሞ ሹፌሩ ካሴት ከተተ። የወንድሜ ኦርጋን ነው። ከኋላው ደግሞ የኔ ድምፅ። ቶቤን ወደ ፊቴ ሳብ አደረግሁ።

አጠገቤ የተቀመጠች ሱዳናዊት ሴትዮ፣ «ይቺ ሐበሻ ምንድን ነው የምትለው?» ብላ ጠየቀች።

ከፊት የተቀመጠ የጎንደር ሰው ዞረ። እርሻ ሠራተኛ ነው፤ ማጭዱን በጆንያ ጠቅልሎ ይዟል። «‹ልታለቅስ ነው› ነው የምትለው» ብሎ በተሰባበረ ዓረብኛ አስረዳት።

«ከማልቀሷ በፊት በምን ታውቃለች?»

«እኔ እንጃ፣ እህቴ። እኛ ቁረይሻ፣ የሰሊጥ እርሻው ካምፕ ውስጥ ይቺን ካሴት ሁልጊዜ ነው የምንሰማው። ሰማዩ ሲከብድ አንዱ ይነሳና እንደሷ አድርጎ ‹ልታለቅስ ነው› ይላል። ከዚያ ሰሊጡን ለመሰብሰብ እንሮጣለን።» ሰዉ ሳቀ። እኔም በቶቤ ውስጥ ሆኜ ሳቅኩ፤ እኔ ነኝ ለማለት ግን ድፍረት አላገኘሁም።

ካሴቱ ሐጁ ዘንድም ደረሰ። የመጋዘናቸው ዘበኛ ሐበሻ ስለነበር ሹክሹክታውን ተርጉሞላቸዋል። አንድ ቀን ፊልም ከመጀመሩ በፊት ሦስታችንንም አስጠሩን፤ ኻልን፣ ወንድሜንና እኔን።

«ደብተሯን ስጪኝ» አሉኝ።

ሰጠኋቸው። የመጀመሪያውን ገጽ ገለጡ፤ ሁለተኛውን ገለጡ፤ እስከ መጨረሻው ገለጡ። «ይህ ባዶ ነው።»

 ወንድሜ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄደ። «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ሐጅ። አላይም። የምታየው እሷ ናት። ቢነግሩኝ ዛሬውኑ ኦርጋኔን አነሳለሁ።»

 የመለሱለት ሐጁ ሳይሆኑ ኻል ናቸው። «ሐጅ፣ እኔ ከኋላ ሥዕሉን ስልክ፣ እሷ ስትናገር፣ እሱ ሲጫወት፣ ሲኒማህ ሞልቷል። ከሦስታችን የትኛችንን ነው የምታሰናብተው?»

ሐጁ ደብተሯን አጥፈው መለሱልኝ። ከዚያ የተቀመጥኩባትን ቆርቆሮ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳዩ ሰው አዩአትና ዘበኛውን ጠሩት። «ለዚች ልጅ መደገፊያ ያለው ወንበር አምጣላት። ሰው ምን ይለናል?» ብለው ወጡ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ከሕይወቴ ሁሉ ያማረው ነው። ደብተር የለ፣ መደበቅ የለ። ወንበሬን ወደሱ አስጠግቼ በግልጥ እነግረዋለሁ። ከፊት የሚቀመጡት ሰዎች አማርኛዬን ተምረው «ሊመጣ ነው!» ብለው ከእኔ ጋር ይጮኹ ነበር።

አምፖሏ ከሁለት ዓመት በኋላ ከፖርት ሱዳን መጣች። በጥጥ ተጠቅልላ፣ የአውራ ጣት ያህል ናት። ኻል እጃቸው ላይ አድርገው ለወንድሜ አስዳሰሱት። 

በዚያ ምሽት እንደ ማንኛውም ተመልካች አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ደግመን ደጋግመን የተጫወትነውን ፊልም ነበር ያሳዩት። ወንድሜ የተዋናዮቹን ድምፅ ሲሰማ ለመጀመሪያ ጊዜው ነው። ጆሮውን አዘንብሎ ይሰማል። የገረመን ነገር ግን ሌላ ነው። አጠገባችን የተቀመጠ አንድ ተማሪ ከሥር የሚወጣውን የዓረብኛ ጽሑፍ ለጓደኛው ያነብለት ነበር፤ እኔ ዓረብኛ ማንበብ አልችልም። ለካስ ሁለት ዓመት ሙሉ በፊልሙ ላይ የልጁ እህት ናት ያልኩት ሴት እጮኛው ኖራለች። ተለያይተው የሚያለቅሱት በእናታቸው ሞት አይደለም፤ አባቷ ለሌላ ሊድራት ስለሆነ ነው።

ወንድሜ ወደኔ ዞረ። «እህቱ ናት አላልሽኝም?»

«መስሎኝ ነዋ!»

«ሁለት ዓመት ያን ሁሉ ሰው ያስለቀስነው በማናውቀው ነገር ነው?» አለና እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ሰዎች ዞረው ዝም በሉ አሉን።

በሦስተኛው ዘፈን ላይ አንድ ሰው ከኋላ «ኦርግ!» ብሎ ጮኸ፤ ኦርጋኑን ማለቱ ነው። ሌሎቹም ተከተሉ። ኻል ድምፁን ዘጉት። ወንድሜን እጁን ይዤ ወደ ኦርጋኑ ወሰድኩት፤ ያን አንድ ዘፈን ተጫወተ። ፉጨቱና እልልታው ከተማውን አናወጠው። በሚቀጥለው ሳምንት ግን የሚጮኹት ጥቂት ነበሩ። በሁለተኛው ሳምንት ማንም አልጮኸም። ሐጁ በክብር አሰናበቱን።

«ያ ዘፋኝ ድምፁ ቆንጆ ነው» አለኝ ወንድሜ፣ ኦርጋኑን በጋሪ ጭነን ስንሄድ።  ወር ሙሉ ኦርጋኑን ሳይገልጥ ቆየ፤ እኔም ወደ መጋዘን ሥራዬ ተመለስኩ።

ከዚያ በመኸር ማብቂያ ላይ ቁረይሻ ያሉ የእርሻ ሠራተኞች መልእክት ላኩ። አጨዳ ጨርሰናል፤ ወደ አገራችን ከመግባታችን በፊት ያን ሲኒማ ተጫወቱልን አሉ። «ፊልም የለም እኮ» ብንላቸው፣ «እኛም ፊልሙን አይተነው አናውቅም» አሉ። ሎሪ ላኩልን። ከሰዓት በኋላ አንድ ትልቅ ግራር ሥር በጄኔሬተር ኦርጋኑን አቆምን። ሰዉ ማጭዱን አስቀምጦ መሬት ላይ ተቀመጠ።

ወንድሜ ተጫወተ። ወደዱት፤ ግን አንዱ ተነሥቶ፣ «ሴትዮዋስ? እሷ ካልተናገረችማ ምኑን ካሴቱ ሆነው!» አለ።

ምን ልናገር? ፊት ለፊቴ ግድግዳ የለም፤ የታጨደ ማሳ ብቻ ነው። ወደ ወንድሜ ጆሮ ጎንበስ አልኩና፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ «በቅሎ ወደ ወንዝ ልትወርድ ነው» አልኩ። እጆቹ ወዲያው ተቀበሉኝ። «ሰውየው ሊሻገር ነው። ውሃው እስከ ጉልበቱ ሊደርስ ነው። ዳገቱን ሊወጣ ነው። ውሻው ሊያውቀው ነው።» ሰዉ ጸጥ አለ። እኔ የማየው የኛን ቤት መንገድ ነበር፤ እነሱም እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን እንዳዩ ከፊታቸው አወቅኩ። «አሁን እናቱ ወደ በር ልትወጣ ነው» ስል የወንድሜ እጅ ቆመ። ግራሩ ሥር ትንፋሽ ብቻ ቀረ። ከዚያ ቀጠለ፤ ትዝታ አልነበረም፤ እስከዛሬ ሰምቼው የማላውቅ ዜማ ነበር። ከሠራተኞቹ አንዱ ፊቱን በክንዱ ሸፈነ፤ ሌላው ደግሞ ተነሥቶ ወደ ማሳው ሄደ።

ስንመለስ ሎሪው ላይ አብረን ተቀምጠን ነበር። «እናታችን በር ላይ ወጥታ ነበር?» አለኝ። «ስንሄድ።» እስከዚያ ቀን ጠይቆኝ አያውቅም።

«ወጥታ ነበር። ነጠላዋን ራሷ ላይ አድርጋ ቆማ ነበር።»

«እጇን አነሣች?»

«አላነሣችም። እንደማታያት ታውቃለች።»

ራሱን ነቀነቀ። ገዳሪፍ እስክንገባ ድረስ እጄን ይዞ ነበር።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረ። በሠርግ ቤት ተጫወተ፤ ለስደተኛ ልጆች ኦርጋን አስተማረ፤ ከከሰላ የመጣች ደግ ሴት አገባና ሴት ልጅ ወለደ። ዓይኑ ጨርሶ ጠፋ። ሲኒማው ተዘጋ፤ ኻልም አረፉ። ዛሬ የሲኒማው ግቢ ውስጥ ከካርቱም ጦርነት ሸሽተው የመጡ ሰዎች ይኖሩበታል፤ በኖራው ግድግዳ ላይ ልብስ ያሰጣሉ። የወንድሜ ልጅ ከትግራይ የሸሹ ሰዎች በሰፈሩበት በኡም ራኩባ ካምፕ ነርስ ናት። እኔም እዚያው ሳሙናና ስኳር የምሸጥባት ትንሽ ሱቅ አለችኝ፤ ትግርኛዬ እየተሻሻለ ነው።

ወንድሜን የቀበርነው በክረምት ነው። ዋልካው ጭቃ እግር ይዞ አልለቅ ብሎ፣ ቃሬዛውን የያዙት ሰዎች ጫማቸውን አውልቀው በባዶ እግራቸው ሄዱ። ከመሞቱ በፊት በነበሩት ወራት ከሰዓት በኋላ አጠገቡ ተቀምጬ ሰፈሩን እነግረው ነበር። ማን እንዳለፈ፣ የማን ፍየል እንዳመለጠች። አንድ ቀን ገና አፌን ሳልከፍት፣ «ዛሬ ደስ ብሎሻል» አለኝ።

«በምን አወቅክ?»

«ከመናገርሽ በፊት ትንፋሽ ትስቢያለሽ። ሲኒማ ቤት እያለን የምጫወተው እሱን ሰምቼ ነበር። ቃሉ የሚመጣው ኋላ ነው» አለኝና ውሃ አምጪልኝ አለ።